ብረት ያጠጡ የነበሩት ሰው

ስልኩ የጮኸው ረፋድ ላይ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ነው። የማላውቀውን ቁጥር አላነሳም፤ ሎተሪ ደርሶሻል እያሉ የሚደውሉ አጭበርባሪዎች አስመርረውኛል። ያን ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አነሳሁት።

«እትዬ ትርንጎ ነዎት? መካነ ሰላም ያሉት?»

«ነኝ። ማን ልበል?»

«ዘሀራ እንድሪስ እባላለሁ። የጋሽ እንድሪስ ልጅ ነኝ፣ የውሃ ሞተሩ። አባቴ ባለፈው ጁምዓ ወደ አኼራ ሄዱ።»

ቢላዋውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

«ይሰማል እትዬ? ምን እንዳልኩ ይድገሙልኝ።»

መርዶ ተነግሮት መርዶውን ድገም የሚባል ሰው የት አገር አለ? ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን ጆሮው ላይ እዘጋበት ነበር። እኔ ግን የማን ልጅ እንደሆነች ያመንኩት እዚያች ላይ ነው። «ጋሽ እንድሪስ ባለፈው ጁምዓ ወደ አኼራ ሄደዋል» ብዬ ደገምኩላት። «አዎ» አለችና ከዚያ በኋላ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ሽንኩርቱን ሰበብ አድርጌ አለቀስኩ።

ልጅቱ ሌላም ነገር ነገረችኝ፤ እሱን በቦታው አመጣዋለሁ። ሰውየውን ሳታውቁ ብነግራችሁ ተራ ምስጋና ይመስላችኋል።

ጋሽ እንድሪስ የከተማችን የውሃ ሞተር ሠራተኛ ነበሩ። አጭር፣ ጠይም፣ ከቁመታቸው የሚረዝም ካፖርት የሚለብሱ ሰው። ቀኝ ጆሯቸውን የሞተር ጩኸት ወስዶባቸዋል፤ ግራውም ደህና ነው አይባልም። ሰው ሲያናግራቸው ግራ ጆሯቸውን ያዞሩና፣ መልስ ከመስጠታቸው በፊት የተባሉትን ይደግሙታል። «ልጄ ታማብኛለች» ያላቸውን ሰው፣ «ልጅህ ታማብሃለች፤ ሰማሁ» ይሉታል። አላህ ያሽራት የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው። ከተማው «ገደል ማሚቶ» የሚል ስም አወጣላቸው። አንድ ቀን አንዱ ባለሱቅ በዚህ ስም ጮክ ብሎ ቢጠራቸው፣ «ገደል ማሚቶ፤ ሰማሁ» ብለውት አለፉ። ባለሱቁ እስኪሞት ድረስ ይህን እያወራ ይስቅ ነበር።

ወደ እኛ የመጡት አብዮቱ እንደፈነዳ ሰሞን ነው፤ መሬት ሲታደል የአባታቸውን ድርሻ ሊይዙ። ከዚያ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ ቆላ አገር አንድ የስኳር ፋብሪካ ውስጥ ሠርተዋል። ሥራቸው መርፌ ማየት ነበር። ውሃ የሚያፈላው ትልቁ ጋን አንድ ቤት ነው፣ እሳቸው ሌላ ቤት ናቸው፤ የጋኑ ሙቀትና ግፊት በቀጭን ቱቦ እየመጣ ግድግዳው ላይ ያለውን መርፌ ያንቀሳቅሳል። እሳቸው መርፌውን አይተው ሌላው ቤት ላለው ሰው ደወል ይደውላሉ፤ እሱ ደግሞ እሳቱን ይቀንሳል ወይ ይጨምራል። ከዚህ ሥራ ይዘውት የመጡት እውቀት ነው እንግዲህ መካነ ሰላም ላይ የዋለው።

የእኛ ውሃ የሚወጣው ከከተማው በታች፣ ከገደሉ ሥር ካለ ምንጭ ነው። ሞተሩም እዚያ ነው። ታንከሩ ደግሞ ኮረብታው ላይ። መሀላቸው ጉብታ ስላለ ከአንዱ ሌላው አይታይም። በፊት አንድ ሰው ጉብታው ላይ ቆሞ ነጠላ ያውለበልብ ነበር፤ ታንከሩ ሲሞላ አንድ ጊዜ፣ ሲጎድል ሁለት ጊዜ። የደጋ ጉም ሲወርድ ግን ነጠላውም ሰውየውም የሉም። በጉም ቀን ወይ ውሃው ሞልቶ እየፈሰሰ ናፍጣ ይነድዳል፣ ወይ ታንከሩ ባዶ ሆኖ ሞተሩ ተኝቶ ይውላል። ናፍጣ ደግሞ ከደሴ በወረኢሉ በኩል ተጭኖ፣ መኪናው ስንት ቦታ ተሰብሮ የሚመጣ ነገር ነው።

ጋሽ እንድሪስ አገልግሎቱ የቀረ አሮጌ የስልክ ሽቦ ለምነው አገኙና ከሞተሩ ቤት እስከ ታንከሩ በእንጨት ላይ ዘረጉት። ሁለት ደወል አስፈለጋቸው። ሁለቱንም ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ከሆነው ከቀድሞው ባላባት ቤት ነቀሏቸው፤ ሎሌ መጥሪያ ነበሩ አሉ። ባላባቱ ቡና ሲያምራቸው ይጫኑት የነበረው ደወል የሕዝብ ውሃ መጥሪያ ሆነ። አብዮቱ ለከተማችን ምን አደረገ ብትሉኝ እኔ መጀመሪያ የሚታወሰኝ ይኸው ነው።

እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ባል አግብቼ፣ ባሌ ከዘመተበት ሳይመለስ ቀርቶ፣ እናቴ ቤት ተመልሼ ነበር። የታንከር ጠባቂ ሆኜ ተቀጠርኩ። ታንከሩ ውስጥ ጋሽ እንድሪስ ያንሳፈፉት ትልቅ ቅል አለ፤ ከቅሉ የታሰረ ገመድ ከላይ ወጥቶ ውጭ ድንጋይ ያንጠለጥላል። ውሃው ሲሞላ ድንጋዩ ይወርዳል፣ ሲጎድል ይወጣል። የእኔ ሥራ ድንጋዩን አይቶ መደወል ነው። የመጀመሪያ ቀን እንደ ልጅ አስቀምጠው ፈተኑኝ።

«አንድ ጊዜ ከደወልሽ?»

«ሞልቷል፣ ያጥፉ።»

«ሁለት ጊዜ?»

«ጎድሏል፣ ያስነሱ።»

«ሦስት?»

«ቧንቧ ፈንድቷል።»

«ከደወልሽ በኋላስ?»

«እቀመጣለሁ።»

«አትቀመጪም። ያንኑ መልሼ እስክደውልልሽ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ። አንቺ መጫንሽን እንጂ እኔ መስማቴን በምን ታውቂያለሽ? ያልተመለሰልሽ መልእክት አልተላከም።»

አራተኛም ነበረ። ሞተሩ እየሠራ ባለበት ጊዜ ሁሉ በየሰዓቱ አንድ ረጅም ደወል መደወል አለብኝ። ትርጉሙ «አለሁ» ነው። እሳቸውም በረጅሙ ይመልሳሉ።

«ምንም ነገር ሳይኖር ለምን እደውላለሁ ጋሼ?»

«አንቺ መኖርሽ ምንም ነው እንዴ?»

«ብረሳውስ?»

«ሞተሩን አጠፋለሁ። ከዚያ ሦስት ጊዜ እጠራሻለሁ። ካልመለስሽልኝ በእግሬ እመጣለሁ።»

ነገረኛ ነኝና አልተውኳቸውም። «እኔ ለደወልኩት እርስዎ ይመልሱልኛል። እርስዎ ለመለሱት ደግሞ ማን ይመልሳል? መልሱ መድረሱን በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ወላሂ፣ ይኼን የፋብሪካው ፈረንጅም አልመለሰልንም። መጨረሻ ላይ ያለው መልስ መልስ የለውም። እዚያ ላይ ማመን ነው፣ ሌላ መላ የለውም» አሉኝ።

ጊዜው አፍ የሚያዝበት ጊዜ ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት ከቤት ስወጣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እያለች ትሸኘኝ ነበር። ይህን ለጋሽ እንድሪስ ብነግራቸው፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም፤ ሰማሁ» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ግን ሰውየው ሞቶ እንደሆነስ?» አሉ።

ደወሉ የሚጮኸው በባትሪ ነውና የባትሪው ነገር በየሳምንቱ ወደሳቸው ያወርደኛል። የታንከሩን ባትሪ በአህያ ጭኜ ወደ ሞተሩ ቤት እወስደዋለሁ፤ እዚያ ሞተሩ ላይ ተሞልቶ ይመለሳል። ሞተሩ ሲያጓራ ምንም ስለማይሰሙ፣ ግራ እጃቸውን ዘርግተው ሁለት ጣታቸውን ደወሉ ላይ ያሳርፋሉ። ደወሉን የሚሰሙት በጣታቸው ነው። ሻይ ሲጠጡም፣ ዳቦ ሲቆርሱም ያቺ እጅ ከዚያ አትነሳም።

አንድ ቀን እንደዚያው ተቀምጠው የፋብሪካውን ታሪክ ነገሩኝ። መርፌው አንድ ቁጥር ላይ ቆሞ ዋለ። ሁሉም ሰላም ነው ብለው ደስ ብሏቸዋል። ለካ ቱቦው ተደፍኖ ነው፤ ወዲያኛው ቤት ጋኑ ከልኩ አልፎ የፈላ ውሃ ተፋ። እሳት ጠባቂው ጓደኛቸው ነበር፣ ሙሉ ሰውነቱ ተቃጠለ። ሰው ሁሉ እሳቱን ትቶ ተኝቶ ነው አለ። «እኔም አልኩ» አሉኝ። «አልጋው አጠገብ ቆሜ ‘ምነው ተኛህ?’ አልኩት። አፉ ተቃጥሏል፣ አይመልስልኝም። በሳምንቱ ሞተ። ቱቦው መደፈኑ የታወቀው ከተቀበረ በኋላ ነው።» ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። ጣታቸው ደወሉ ላይ እንደነበረች ናት።

«ከሰው በፊት ሽቦውን ጠርጥሩ» የምትል አነጋገር ነበረቻቸው። ከየት እንደመጣች ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ይህች አነጋገር እኔንም አንድ ጊዜ አድናኛለች። ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ ደወሉ ጠዋት ተቋረጠና ሞተሩ ቆመ። የውሃ ኮሚቴው ሳይውል ሳያድር ተሰብስቦ፣ ትርንጎ ተኝታ ነው፣ ትባረር አለ። ጋሽ እንድሪስ «ሽቦውን ሳላይ ሰው አይባረርም» ብለው ከሞተሩ ቤት እስከ ታንከሩ በሽቦው ሥር በእግራቸው ሄዱ። ጉብታው ላይ ሁለት ክንድ ሽቦ የለም። ሽቦው የተገኘው አንድ ገበሬ ሞፈር ላይ ተጠምጥሞ ነው። «ሞፈሬ ተሰንጥቆብኝ ነው ጋሼ፣ የማይሠራ ሽቦ መስሎኝ» አለ ገበሬው። የመንግሥት ንብረት መንካት ያን ጊዜ ቀልድ አይደለም። ጋሽ እንድሪስ ከቤታቸው ጠፍር አምጥተው ሞፈሩን አሰሩለትና ሽቦአቸውን ይዘው ተመለሱ። ለኮሚቴው «ሽቦው ነው» አሉ፤ የማን ሞፈር ላይ እንደነበረ አልተናገሩም።

አሁን ወደ ብረቱ ልምጣ።

ሽቦው አንድ ብቻ ነው። ጋሽ እንድሪስ እንዳስረዱኝ ኤሌክትሪክ መሄጃና መመለሻ ይፈልጋል፤ መሄጃው ሽቦው ነው፣ መመለሻው መሬት። ለዚህ ሲባል በሁለቱም ጫፍ የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ተቀብሯል። መሬቱ እርጥብ ከሆነ ደወሉ ይጮሃል፤ ከደረቀ ድምፁ ይሳሳል፤ ጭራሽ አቧራ ከሆነ ይሞታል። በደህና ዘመን ይህን ያወቀም ያሰበበትም አልነበረም፣ ዝናቡ ሥራውን ይሠራል። ዝናቡ ሲቀር ግን ብረት ማጠጣት ግድ ሆነ። ጋሽ እንድሪስ በራቸው ላይ ካለው ብረት አናት ላይ ቆመው ውዱእ ያደርጋሉ። እኔ ላይ ደግሞ በቀን አንድ ጣሳ ተወሰነ።

«የርስዎ ብረት በቀን አምስት ጊዜ ይታጠባል፣ የኔ አንድ ጣሳ?» ብላቸው፣ «ያንቺ ክርስቲያን ነው፣ ጾም ያበዛል» አሉኝ።

እንግዲህ ሰባ ሰባት መጣ። ከወግዲ በኩል፣ ከማሻ በኩል፣ ከየቆላው ሰው እየወጣ መካነ ሰላም ዳር ሰፈረ። ከታንከሩ ዝቅ ብሎ መጠለያ ተተከለ። ያየሁትን ሁሉ አልጽፍም፤ የጻፉት ጽፈውታል። የእኔ ታንከር ከተማውንም መጠለያውንም ማጠጣት ነበረበት፣ ምንጩ ደግሞ ራሱ ቀጥኗል። ቦኖው የሚከፈተው በሰዓት ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ የተለካ ውሃ ነው የሚሰጠው። ታንከሩ እንዳይበከል ክዳኑ ተቆልፎ ቁልፉ ኮሚቴው ዘንድ ነው። ጠዋት ኮሚቴው መጥቶ ሲከፍት ለብረቱ አንድ ጣሳ ይቀዳልኛል፤ ከዚያ በላይ መቅዳት ስርቆት ነው።

አንድ ጠዋት ጣሳዬን ይዤ ወደ ብረቱ ስሄድ አንዲት ሴት አጥሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። የሺ ትባላለች፣ ከወግዲ ገጠር የመጣች ናት። ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ አንገቱ አይቆምም። ውሃውን ማንቆርቆር ስጀምር፣

«እቴ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ብረት ይጠማዋል እንዴ?»

ስለ ኤሌክትሪክ ነገርኳት። ስለ መሄጃና መመለሻ፣ ስለ ደወሉ፣ ደወሉ ከጠፋ ሞተሩ እንደሚቆም፣ ሞተሩ ከቆመ ቦኖው እንደሚደርቅ። በትዕግሥት አዳመጠችኝ። «እኔ እኮ አትስጪው አላልኩሽም፣ አፈር ስሆን» አለች። «ይጠማዋል ወይ ነው ያልኩሽ።»

በጣሳው የቀረውን ሰጠኋት። በማግሥቱም ቆማ አገኘኋት፣ ሙሉውን ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። ደግ ነበረች እንዳትሉኝ። እኔ ከቤቴ የማመጣው የራሴ መጠጥ ውሃ ነበረኝ፤ እሱን ጠጥቻለሁ። የሰጠሁት የብረቱን ነው።

ከሳምንት በኋላ ባትሪ ይዤ ስወርድ ጋሽ እንድሪስ፣ «ደወልሽ ሳሳ ትርንጎ» አሉኝ። «ጣቴ ላይ እንደ ዝንብ ነው የሚሄደው። ብረቱን እያጠጣሽ ነው?»

«አጠጣለሁ።»

«ታጠጫለሽ፤ ሰማሁ።» በዚያው ዕለት ሽቦውን ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ፈተሹት። በማግሥቱ ደግመው ፈተሹት። እሳቸውም እንደማንኛችንም ሰው ግማሽ ሆዳቸውን ያደሩ ናቸው፤ ያንን አቀበት ሁለት ቀን ወጥተው ሁለት ቀን ወረዱ። እኔ ከላይ ሆኜ አያቸው ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ሆዴ ያውቃል።

በዚያ ሰሞን እንግዶች ይመጣሉ ተባለ፤ መጠለያውን የሚጎበኙ ትልልቅ ሰዎች። ካድሬው ጓድ ደምሴ፣ መኪናውን ወደ ገደሉ ማውረድ ስላልቻለ እየተራገመ፣ ሞተሩ ቤት ድረስ በእግሩ ወረደ። እኔም ለባትሪው እዚያ ነበርኩ።

«ነገ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ደወል ኖረም አልኖረም አይጠፋም» አለ።

«ሞተሩ ይሠራል፣ ደወል ኖረም አልኖረም አይጠፋም፤ ሰማሁ» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ግን ጓድ፣ ደወል ከሌለ ቧንቧው ፈንድቶ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ያቺ ያለችን ውሃ ገደል ብትገባስ?»

«ትእዛዝ ነው።»

«ትእዛዝ ነው፤ ሰማሁ።»

ጓድ ደምሴ የሚቀልዱበት መሰለው። አንገቱ ደም መሰለ።

በእንግዶቹ ቀን ጠዋት የሺ እንደወትሮው ቆማለች፤ ልጁ ብሶበታል። ጣሳውን ሰጠኋት። ሞተሩ ተነሳ። አንድ ሰዓት እንደሠራ «አለሁ» ደወልኩ። መልስ የለም። ደግሜ ጫንኩ። የለም። ሦስተኛ ጫንኩና ወደ ብረቱ አየሁ፤ ዙሪያው አቧራ ነው። የራሴን ውሃ ጨርሻለሁ። ብዙም ሳይቆይ በቧንቧው ውስጥ የሚመጣው የውሃ ድምፅ ቆመ። ሞተሩን አጥፍተዋል። እንዳሉት ነው ያደረጉት፤ ዝም ስላልኩ አጠፉና በእግራቸው ተነሱ።

እሳቸው አቀበቱን ሲጨርሱ እንግዶቹ መጠለያው ደርሰው ነበር። ጓድ ደምሴ በደስታ ቦኖውን ከፈተላቸው። ቦኖው ትንሽ አየር ተፋና ዝም አለ፤ ሞተሩ ሳይጠፋ የገባችውን ጥቂት ውሃ ከተማው ጨርሷታል። ፎቶ የሚያነሳው ሰው ማሽኑን ዝቅ አደረገ። ከቦኖው ጀርባ የተሰለፈው ሰው ግን ከሰልፉ አልወጣም፤ እንስራውንና ጣሳውን እንደያዘ ቆሞ ይጠብቃል።

ጋሽ እንድሪስ ቁና ቁና እየተነፈሱ ታንከሩ ጋ መጡ። ሰላም አላሉኝም። ብረቱ አጠገብ ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ እጃቸው ላይ አልተጣበቀም። ቀና ሲሉ የሺን አዩአት፣ ጣሳዬን እጇ ላይ አዩት። የያዙትን ኮዳ ከፍተው ያለችውን ውሃ ብረቱ ላይ አፈሰሷት። «ሞክሪ» አሉኝ። ወደ ታች ደወልኩ፤ ሞተሩ ቤት የተዉት ረዳታቸው መልሶ ደወለ። ውሃው መውጣት ጀመረ። እንግዶቹ ግን ሄደው ነበር።

ስብሰባው የተጠራው በማግሥቱ ነው። የኢኮኖሚ አሻጥር ተባለ። ጓድ ደምሴ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ደውለሻል፣ አልደወልሽም?»

«ደውያለሁ።» እውነቴን ነው፣ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ። ብረቱን አጠጥተሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ያንን ጥያቄ መጠየቅ የሚያውቅ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። እሳቸው ግራ ጆሯቸውን አዙረው ሰሙኝና፣ «ደውያለሁ አለች፤ ሰማሁ» አሉ። ከዚያ ወደ መድረኩ ዞረው፣ «ሽቦው ነው። የሽቦው ኃላፊ ደግሞ እኔ ነኝ» አሉ።

መነሳት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው፤ «እኔ ነኝ» ማለት ነው። ደመወዜ ስንዴ ነበር፤ እናቴና ሁለት እህቶቼ የሚበሉት እሱን ነው። ይህን የምለው ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም፣ ያሰብኩት እሱን ስለሆነ ነው። ፈራሁ። አፌን ዘጋሁ፤ ዝንብም አልገባበት።

በሳምንቱ ጋሽ እንድሪስ በሰፈራ ፕሮግራም ወደ ምዕራብ ለመሄድ «በፈቃዳቸው» እንደተመዘገቡ ተነገረ። ሚስታቸውና ሕፃኗ ዘሀራም አብረው ተመዘገቡ።

የሚሄዱበት ቀን ጠዋት ሞተሩን ለአዲሱ ሰው እንዲያስረክቡ ወደ ምንጩ ተወስደዋል። እኔ ታንከሩ ጋ ነኝ። የሺ የለችም፤ ከልጇ ጋር ወደ ሌላ ጣቢያ ተወስዳለች። የዚያን ቀን ጣሳ ሙሉውን ብረቱ ላይ አፍስሼዋለሁ። አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፤ አፈሩ ጠቁሮ፣ ውሃው ዙሪያውን ክብ ሠርቶ።

ደወሉ ጮኸ። አንድ፣ ረጅም። እንዲያ ጎልቶ ጮሆ አያውቅም። የእጃቸውን አጫጫን አውቀዋለሁ፤ አዲሱ ሰው አልነበረም። «አለሁ» ነው።

እጄን መጫኛው ላይ አደረግሁ። መልሱ ያው አንድ ረጅም ነው። አለሁ ልበል? አዳራሹ ውስጥ የት ነበርኩና? አፈርኩ፤ ሳልጫነው ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ ጮኸ። ከዚያ ሦስተኛ። ሦስት ጊዜ ጠርተው መልስ ካጡ በእግራቸው ይመጡ ነበር። ያን ቀን ግን መኪናው እየጠበቃቸው ነበር።

አዲሱ ሰው የ«አለሁ»ን ደወል ሰረዘው። «ሲሞላ ንገሪኝ፣ ሌላውን ተይው» አለኝ። ቀጥሎ ዝናቡ መጣ፤ ብረት ማጠጣትም ቀረ። ሽቦው ከጥቂት ዓመት በኋላ የት እንደገባ አላውቅም፤ የማን ሞፈር ላይ እንዳለ እንጃ።

አሁን ዘሀራ ያለችኝን ልንገራችሁ። ሁለታችንም ለቅሷችን በረድ ካለ በኋላ፣ አባቷ በሰፈሩበት አገር ወፍጮ ተክለው እንደኖሩ፣ እዚያም ወፍጮው ቤትና ቤታቸው መሀል ደወል እንደዘረጉ ነገረችኝ። ልጆቹ ሁሉ የተባሉትን እየደገሙ ነው ያደጉት።

«ስለርስዎ ሁልጊዜ ያወሩን ነበር» አለች። «በክፉው ቀን የብረቱን ውሃ ለተጠማ ሰው የምትሰጥ ልጅ ነበረች ይሉናል። የሄድን ዕለት ሦስት ጊዜ ደውለውልዎት አልመለሱም አሉ። እናቴ ተቀይማ ነበር፣ ‘ምነው ስንብት እንኳ!’ ብላ። አባቴ ግን ‘ትርንጎ ሰምታ ዝም አትልም። ውሃውን ለሰው ሰጥታው ብረቱ ደርቆ ነው፣ ደወሌ አልደረሳትም’ አሏት። እስኪሞቱ እንደዚያ ነው የሚሉት። ስሞት ለሷ ንገሪ፣ አልተቀየምኩም በያት ብለውኛል። እንደዚያ ነበር አይደል እትዬ?»

አርባ ዓመት ሙሉ ሲጠረጥሩ የኖሩት ሽቦውን ነው።

አዎ ብል ያልቃል። ለቀስተኛ ናት፣ ከሩቅ አገር ነው የደወለችው፣ አዎን ነው የምትፈልገው። ሽንኩርቱ መክተፊያው ላይ ሲደርቅ እያየሁ ቆምኩ።

«ሃሎ? እትዬ? አሉ?»

«አለሁ» አልኳት። «ዘሀራ፣ ያን ቀን ብረቱ እርጥብ ነበር።»

ቆሜ ጠበቅሁ። ተቋረጠ ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ላነሳ ስል፣ አባቷ እንዳስተማሯት፣ ቃል በቃል መለሰችልኝ።

«ያን ቀን ብረቱ እርጥብ ነበር» አለች። «ሰማሁ።»